ጠበቃችን ከማን ይማራል?



ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነሥቶ በቤልትዌይ የፖቶማክን ወንዝ የተሻገረ ሰው፣ መንገዱ ካልተጨናነቀ ግማሽ ሰዓት በሚያህል ጊዜ አሌክሳንድሪያ ይገባል። በዚህች አጭር መንገድ ግራና ቀኝ ጠበቆች ያለባቸው የመማር ግዴታ አንድ አይደለም። የቨርጂኒያ ፈቃድ ያለው ጠበቃ በየዓመቱ እስከ ኦክቶበር 31 ድረስ 12 ሰዓት ትምህርት መከታተል አለበት፤ ከዚህም ውስጥ 2 ሰዓቱ ስለ ሙያ ሥነ ምግባር መሆን ይኖርበታል። ካላሟላ ፈቃዱ ሊታገድ ይችላል። ሜሪላንድ ግን ከጠበቆቿ እንዲህ ያለ ዓመታዊ ግዴታ አትጠይቅም። ዋሽንግተን ዲሲም ብትሆን፣ አዲስ የገቡት እንዲወስዱት ከምታስገድደው አንድ ትምህርት በቀር በየዓመቱ የምትቆጥረው ሰዓት የላትም።

ይህ ጉዳይ በጠበቆች ስብሰባ ላይ ቢነሣ የሚሻል የሚመስለው ሰው ይኖራል። እኔ በሕዝብ ፊት ላነሣው የፈለግሁት፣ ጠበቃው ሳይማረው የቀረውን ነገር ዋጋውን የሚከፍለው ባለጉዳዩ ስለሆነ ነው። በኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት ለሚቆም ሰው መንግሥት ጠበቃ አያቆምለትም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1963 በጊዲየን ጉዳይ መንግሥት ጠበቃ ያቁም ሲል የሰጠው ውሳኔ የሚጠብቀው የወንጀል ተከሳሽን ነው። ከአገር ይውጣ አይውጣ የሚባልበት ሰው ጠበቃ የማቆም መብት አለው፤ ወጪው ግን የራሱ ነው። እንግዲህ ሌሊት ታክሲ ነድቶ፣ ወይም በነርሲንግ ሆም ድርብ ሺፍት ሠርቶ ያጠራቀመውን ይዞ የአንድ ቢሮ በር የሚያንኳኳ ሰው የሚገዛው ዕውቀት ነው። ያ ዕውቀት የዘንድሮ ይሁን የዛሬ አሥር ዓመት፣ አይቶ ሊለየው አይችልም።

የማኅበረሰባችንን ጠበቆች በስንፍና የሚከስ ሰው አያውቃቸውም። የማውቃቸው አብዛኞቹ ከአቅማቸው በላይ የሚሠሩ ናቸው። እኔ እንደማየው ችግራቸው ብቻቸውን መሥራታቸው ነው። በጆርጂያ አቬኒው ወይም በዱክ ስትሪት አንዲት ክፍል ተከራይቶ፣ ስልክ የሚያነሣውም፣ ፎርም የሚሞላውም፣ ሒሳብ የሚይዘውም፣ ችሎት የሚቆመውም ያው አንድ ሰው ነው። በትልልቆቹ የዋሽንግተን የሕግ ቢሮዎች ወጣቱ የጻፈውን አንጋፋው ያርመዋል፤ አንዱ ያላየውን ሌላው ያይለታል። ለብቻው የሚሠራው ጠበቃ ግን ስሕተቱን የሚሰማው ከዳኛው አፍ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ረፍዷል።

ወደ ሙያው የገቡበት መንገድም ብቸኝነቱን ያጠነክረዋል። በመካከላችን በአገር ቤት ዳኛ፣ ዐቃቤ ሕግ ወይም ነገረ ፈጅ የነበሩ ሰዎች አሉ። ኒውዮርክ በውጭ አገር ሕግ የተማሩ ሰዎች በአሜሪካ የሕግ ትምህርት ቤት ቢያንስ 24 ክሬዲት ያለው የማስተርስ ትምህርት ካጠናቀቁ ለባር ፈተና እንዲቀመጡ የምትፈቅድበት ሥርዓት አላት። ብዙዎች በዚያ በር ይገባሉ። ኢሚግሬሽን የፌዴራል ሕግ ስለሆነ የኒውዮርክ ፈቃድ የያዘ ሰው ሲልቨር ስፕሪንግ ተቀምጦ የጥገኝነት ወይም የግሪን ካርድ ጉዳይ መያዝ ይችላል። ኒውዮርክ ከነባር ጠበቃ በየሁለት ዓመቱ 24 ክሬዲት ትጠይቃለች፤ በግዛቷ ውስጥ የማይሠራውን ጠበቃ ግን ከዚህ ግዴታ ነጻ ታደርገዋለች። በሜሪላንድ ፍርድ ቤት የፍቺ፣ የመኪና አደጋ ወይም የወንጀል ጉዳይ ይዞ መቆም ግን አይችልም። ስለዚህ ዕውቀቱም የገባበትን በር ያህል እየጠበበ ይሄዳል፤ የደንበኛው ሕይወት ግን አንድ የሕግ ክፍል ብቻ ይዞ አይመጣም።

ይህ የት ላይ እንደሚጎዳ በምሳሌ ላሳይ። ሰውየውን የፈጠርሁት እኔ ነኝ፤ ሕጉ ግን ያለ ሕግ ነው። አሌክሳንድሪያ የሚኖር፣ ግሪን ካርድ የያዘ፣ ኡበር የሚነዳ አባወራ በመኪና ማቆሚያ ላይ ጠብ ተነሥቶ ይከሰሳል። በቨርጂኒያ የአንደኛ ደረጃ ቀላል ወንጀል ከፍተኛው ቅጣት 12 ወር እስራት ነው። የወንጀል ጠበቃው ከዐቃቤ ሕግ ጋር ይነጋገርና ጥሩ ነገር ያመጣለታል፤ ጥፋቱን ካመነ 12 ወር ይፈረድበታል፣ አሥራ ሁለቱም ወር በገደብ ይሆናል፣ አንዲት ቀን እንኳ ሳይታሰር ወደ ቤቱ ይሄዳል። ሰውየው ይስማማል፤ ቤተሰቡም «ተመስገን» ይላል።

ኮንግረስ በ1996 ባወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ መሠረት ግን በገደብ የተባለ ቅጣት እንደ ሙሉ ቅጣት ይቆጠራል። ጥፋቱ ሕጉ የኃይል ወንጀል ወይም ስርቆት ብሎ ከሚመድባቸው ከሆነና ቅጣቱ አንድ ዓመት ከደረሰ፣ በኢሚግሬሽን ዓይን ከከባዶቹ ወንጀሎች ተርታ ይገባል። በስቴቱ ሕግ ቀላል መባሉ አያድነውም። ከዚያ ወዲያ ለረጅም ጊዜ ነዋሪዎች የተተወው የመጨረሻ የምሕረት በር ይዘጋበታል። በ365 ቀንና በ364 ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ቀን ነው። ያንን ያወቀ ጠበቃ 364 ቀን ይለምናል፤ በእስር በኩል የሚለውጠው ነገር ስለሌለ ዐቃቤ ሕጉም ብዙ ጊዜ አይከራከርበትም።

በሜሪላንድ በኩል ያለው ደግሞ ይበልጥ የሚያሳስት ነው። ዳኛው ጥፋተኛ ነህ የሚለውን ፍርድ ሳይመዘግብ ሰውየውን በአመክሮ ሊለቀው ይችላል። ባለጉዳዩ «ጥፋተኛ አልተባልኩም» ብሎ ይወጣል፤ በስቴቱ ሕግ እውነቱን ነው። ሆኖም ጥፋቱን በችሎት አምኖ ከሆነና ዳኛው በነጻነቱ ላይ አንድ ዓይነት ገደብ ካደረገበት፣ ያው የ1996ቱ ሕግ ጥፋተኛ ብሎ ይቆጥረዋል። ዜግነት ሲያመለክት «ተፈርዶብህ ያውቃል?» ተብሎ ቢጠየቅ በቅንነት «የለም» ይላል፤ ከዚያም በሐሰት መልስ ሊጠየቅ ይችላል።

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይህን ክፍተት በማርች 31፣ 2010 በፓዲያ ጉዳይ ተመልክቶታል። ሆሴ ፓዲያ በሆንዱራስ ተወልዶ ከ40 ዓመት በላይ በአሜሪካ በሕጋዊነት የኖረ፣ በቬትናም ጦርነት ያገለገለ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። በማሪዋና ማጓጓዝ ሲከሰስ ጠበቃው ብዙ ዓመት የኖረ ስለሆነ ስለ መኖሪያ ፈቃዱ እንዳይጨነቅ ነገረው፤ እሱም አመነ። ፍርድ ቤቱ የወንጀል ጠበቃ ጥፋትን ማመን ከአገር የሚያስወጣ መሆኑን ለደንበኛው የመንገር ሕገ መንግሥታዊ ግዴታ አለበት ብሎ ወሰነ። ከዚያ ውሳኔ በኋላ የወንጀል ጠበቃ «እኔ የኢሚግሬሽን ሰው አይደለሁም» ብሎ ማለፍ አይችልም። በተግባር ግን አሌክሳንድሪያ ችሎት የሚቆመው የወንጀል ጠበቃና ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው የኢሚግሬሽን ጠበቃ ስልክ ካልተደዋወሉ ውሳኔው ለዚያ አባወራ ምን ይፈይድለታል? ሁለቱም በየፊናቸው ቢማሩ እንኳ ለእሱ ጉዳይ የሚያስፈልገው ከሁለቱ ንግግር የሚወጣው ዕውቀት ነው።

ሌላው የምቆረቆርበት ዕውቀት ደግሞ የትኛውም የአሜሪካ ባር ማኅበር የማያስተምረው ነው። የዘመን አቆጣጠራችንን ማለቴ ነው። የ2005ቱ ሪል አይዲ የተባለው ሕግ፣ የጥገኝነት ጠያቂው ቃል እርስ በርሱ ካልተጣጣመ፣ አለመጣጣሙ ከጉዳዩ ዋና ፍሬ ነገር ውጪ ቢሆን እንኳ ዳኛው ለተአማኒነት መመዘኛ እንዲያደርገው ይፈቅዳል። አሁን የእኛን ሰነድ ተመልከቱ። ታኅሣሥ 20 በ2009 ዓ.ም ዲሴምበር 29 ላይ ይውላል፤ በ2008 ዓ.ም ግን ዲሴምበር 30 ነው፣ ምክንያቱም ከዚያ በፊት የነበረው ጳጉሜን 6 ቀን ነበረው። ገና በዘመነ ዮሐንስ ታኅሣሥ 28 እንደሚከበር እዚህ ያላችሁ እናቶች ሁሉ ታውቃላችሁ። ፈጥኖ የሚተረጉም ሰው ይህን ይዘላል፤ በጳጉሜን ተወልጄአለሁ ለሚል ሰው ደግሞ ኮምፒዩተሩ ወር ያጣለታል። ሰዓቱም እንዲሁ ነው። «ፖሊሶቹ ከሌሊቱ 8 ሰዓት መጡ» ያለ ሰው በአንዱ ወረቀት 2 ሰዓት፣ በሌላው 8 ሰዓት ተብሎ ተጽፎ ሲገኝ የመንግሥቱ ጠበቃ «የትኛው ነው እውነቱ?» ብሎ ይነሣል። በደንቡ መሠረት በጥገኝነት ቢሮ ቃለ መጠይቅ አስተርጓሚ ይዞ የሚመጣው ጠያቂው ራሱ ነው፤ ያ አስተርጓሚ ብዙ ጊዜ ዘመድ ወይም ጎረቤት ይሆናል።

አማርኛ ተናጋሪ ጠበቆቻችን ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል። ግን እያንዳንዳቸው ለየብቻቸው፣ በየደንበኛቸው ላይ በደረሰ ችግር የተማሩት ነው። አንዱ የቀን ማስተካከያ ሠንጠረዥ አለው፤ ሌላው ከቃለ መጠይቅ በፊት ሰዓት የሚያስረዳ የመሐላ ቃል ያስገባል፤ ሦስተኛው የቀበሌ መታወቂያና የጥምቀት ምስክር ወረቀት ለምን የተለያየ የልደት ቀን እንደሚይዙ የሚያብራራ ደብዳቤ አዘጋጅቶ አስቀምጧል። በአንድ ላይ ቢቀመጥ የቨርጂኒያው የቀጣይ ትምህርት ቦርድ መዝኖ ሰዓት ሊሰጥበት የሚችል ትምህርት ይወጣዋል፤ ለአበሻ ብቻም ሳይሆን አበሻ ደንበኛ ላለው አሜሪካዊ ጠበቃም ይጠቅማል።

ሕጉ የሚለዋወጥበት ፍጥነትም ከአንድ ሰው አቅም በላይ ሆኗል። ለኢትዮጵያውያን ከአገር ከመባረር ጊዜያዊ ጥበቃ በዲሴምበር 12፣ 2022 ለ18 ወር ተሰጠ፤ በ2024 ደግሞ እስከ ዲሴምበር 12፣ 2025 ተራዘመ። በጁን 28፣ 2024 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሎፐር ብራይት ጉዳይ፣ ፍርድ ቤቶች አሻሚ ሕግ ሲያጋጥማቸው የመንግሥት መሥሪያ ቤቱን ትርጓሜ ይቀበሉ የሚለውን የ40 ዓመት ልማድ ሻረ። ጉዳዩ የዓሣ አጥማጆች ነበር፤ ውጤቱ ግን የኢሚግሬሽን ይግባኝ ቦርድ ሕግን እንዴት ተረጎመ በሚለው ክርክር ውስጥ ሁሉ ይገባል። ያ ቦርድ የሚገኘው ፎልስ ቸርች፣ ሊስበርግ ፓይክ ላይ ነው፤ ቤይሊስ ክሮስሮድስ ካሉት ምግብ ቤቶቻችን ሩቅ አይደለም። የመላው አሜሪካ የኢሚግሬሽን ይግባኝ በደጃችን እየታየ እኛ ዜናውን የምንሰማው ከወራት በኋላ ሲሆን ያሳዝነኛል።

የጊዜ እጥረቱ ሰውን ወደ አቋራጭ ይገፋዋል። በጁን 2023 ኒውዮርክ ውስጥ አንድ የፌዴራል ዳኛ፣ በአቪያንካ አየር መንገድ ላይ በቀረበ ክስ ቻት ጂፒቲ የፈጠራቸውን የሌሉ ፍርዶች ጠቅሰው ባቀረቡ ጠበቆች ላይ 5,000 ዶላር ቅጣት ጥለዋል። የአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር በጁላይ 2024 ባወጣው 512ኛ አስተያየት፣ ጠበቃ እንዲህ ያለ መሣሪያ ቢጠቀምም ውጤቱን ራሱ ማረጋገጥና የደንበኛውን ምስጢር መጠበቅ እንዳለበት አስረድቷል። ማሽኑ አማርኛን አጣርቶ አያውቅም። የእስር ቤት ስቃይ የሚናገር ቃል በማሽን ተተርጉሞ፣ ሳይነበብ ለዳኛ ሲቀርብ ማየት ያስፈራኛል።

ስለ ገንዘብ አያያዝ አንድ ነገር ብቻ ልበል። የዲሲ ይግባኝ ፍርድ ቤት በ2009 በማንስ ጉዳይ እንደወሰነው፣ ደንበኛው አስቀድሞ የከፈለው ቁርጥ ክፍያ ሥራው እስኪሠራ ድረስ የደንበኛው ገንዘብ ነው፤ ደንበኛው አውቆ በሌላ መንገድ ካልተስማማ በቀር በአደራ ሒሳብ መቀመጥ አለበት። ሒሳብ ሠራተኛ የሌለው ብቸኛ ጠበቃ ፈቃዱን ሊያጣ ከሚችልባቸው መንገዶች አንዱ ይህ ነው፤ ሊሰርቅ ሳያስብ።

በሙያው ውስጥ ብዙ የማይወራ ሌላ ሸክም አለ። በ2016 የታተመ፣ ወደ 12,800 የሚጠጉ የአሜሪካ ጠበቆች የተሳተፉበት ጥናት ከአምስት አንዱ ያህል አስጊ በሆነ መጠን እንደሚጠጣ፣ 28 በመቶው ደግሞ የድብርት ምልክት እንደታየበት አሳይቷል። የእኛዎቹ ጠበቆች ከዚህ በላይ የሚሸከሙት አለ። ስለ ማዕከላዊ እስር ቤት፣ ከ2020 እስከ 2022 ስለነበረው የሰሜኑ ጦርነት፣ ስለ ጠፋ ወንድም የሚነገራቸው በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ነው። ነገሩን በእንግሊዝኛ ለሚሰማው ጠበቃ አስተርጓሚው ጥቂት ርቀት ይፈጥርለታል፤ የእኛው ሰው ግን መንደሩን ያውቀዋል፣ አንዳንዴም የተጠራውን ስም ያውቀዋል። ይህን የሰማ ሰው ማታ ለማን ይነግራል? የደንበኛ ምስጢር ለሚስትም ለባልም አይነገርም። ሙያዊ እድገት ስንል ይህንንም ሸክም የሚያቀሉበትን ዘዴ መማር ይጨምራል፤ ሜሪላንድም ቨርጂኒያም ለጠበቆች በምስጢር የሚሰጥ የምክር አገልግሎት አላቸው።

ለብቻ መሥራት ከአገር ቤት ይዘነው የመጣነው ልማድም ነው። በኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 199/1992 ዘመን ጠበቃ የሚሠራው በግሉ ነበር፤ ጠበቆች ድርጅት አቋቁመው አብረው እንዲሠሩ በሕግ መንገድ የተከፈተላቸው በአዋጅ ቁጥር 1249/2013 ነው። ያው አዋጅ የፌዴራል ጠበቆች ማኅበርን አቋቁሟል፣ የቀጣይ ሙያ ሥልጠና ግዴታም አምጥቷል። በ1952 ዓ.ም የወጣው የንግድ ሕግም በዚያው በ2013 ዓ.ም በአብዛኛው በአዲስ ሕግ ተተክቷል። ይህ እዚህ ያለነውን ይመለከተናል። አዲስ አበባ ስላለው ቤቱ ውክልና ሊሰጥ ኤምባሲ የሚሰለፈው፣ አክሲዮን የገዛው፣ ውርስ የሚከራከረው ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው የሲልቨር ስፕሪንጉን ጠበቃ ነው። ጠበቃው ከኢትዮጵያ ከወጣ ሃያ ዓመት ከሆነው የሚያስታውሰው አሮጌውን ሕግ ነው፤ ቀና መልስ «የአዲስ አበባ ባልደረባዬን ልጠይቅልህ» የሚለው ነው።

ወደ መማር ግዴታው ልመለስ። እንግሊዝ በኖቬምበር 2016 ሶሊሲተር ከሚባሉት ጠበቆቿ ላይ የ16 ሰዓት ዓመታዊ ግዴታን አንሥታ፣ እያንዳንዱ የጎደለውን መርምሮ፣ ተምሮ፣ በየዓመቱ እንዲያረጋግጥ አደረገች። ሰዓት መቁጠር ብቻውን ዕውቀት እንደማያመጣ ስለተረዱ ይመስለኛል፣ በዚህም አልፈርድባቸውም። ሆኖም ራሱን የሚመረምር ሰው መስተዋት ያስፈልገዋል፤ ለብቻው ለተቀመጠ ጠበቃ ያለ ባልደረባ ይህ አይሆንለትም። ለዚህ ነው ለሜሪላንድ የቨርጂኒያን ሕግ ከመመኘት ይልቅ የራሳችንን ጉባኤ የምመኘው።

እናቶቻችን ለጽዋ ማኅበር በየወሩ ተራ እየገቡ እንደሚገናኙት፣ ጠበቆቻችን በወር አንድ ምሽት፣ አንዴ ሲልቨር ስፕሪንግ አንዴ አሌክሳንድሪያ ይገናኙ። በየምሽቱ አንድ ሰው ያስቸገረውን ጭብጥ ያቅርብ። የወንጀል፣ የቤተሰብና የኢሚግሬሽን ጠበቃ በአንድ ጠረጴዛ ይቀመጡ፤ ከአዲስ አበባ አንድ ባልደረባ በቪዲዮ ይግባ፤ በዓመት ሁለት ጊዜ አስተርጓሚዎች ይጋበዙ። ሜሪላንድ እያንዳንዱ ሙሉ ጊዜ የሚሠራ ጠበቃ በዓመት 50 ሰዓት ነጻ አገልግሎት እንዲሰጥ ታበረታታለች፤ የኢትዮጵያ የጠበቆች ሥነ ምግባር ደንብም ቢያንስ 50 ሰዓት ብሎ ነበር። አንጋፋዎቹ ከዚያ ሰዓት ጥቂቱን አዲሶቹን ይዘው ነጻ ጉዳይ ለመሥራት ቢያውሉት ደሃውም ወጣቱም ይጠቀማል።

እናንተም ድርሻ አላችሁ። ጠበቃ ስትይዙ «ፈቃድዎ ከየት ስቴት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱን በስቴቱ የጠበቆች መዝገብ ላይ በነጻ ማየት ይቻላል። «ይህ የወንጀል ጉዳይ ግሪን ካርዴን ይነካል? ካላወቁስ ማንን ያማክሩልኛል?» ማለት ነውር የለውም። ሌላ ሰው ልጠይቅልህ የሚል ጠበቃ ሲያጋጥማችሁ አትሽሹት። ፎርም ሞልቶ የሚሰጥ ሰው ምክር ከሰጣችሁ ግን ተጠንቀቁ፤ ጠበቃ ያልሆነ ሰው በኢሚግሬሽን ጉዳይ ሊወክላችሁ የሚችለው በአብዛኛው የፌዴራሉ የፍትሕ መሥሪያ ቤት ዕውቅና ከሰጠው ድርጅት ሲሆንና እሱም በስሙ ፈቃድ ሲኖረው ነው። ጠበቃችሁ ገንዘባችሁን ወስዶ ቢያጠፋ በሜሪላንድም በቨርጂኒያም ለተጎዱ ደንበኞች የሚከፍል ፈንድ አለ። በጠበቃ ጥፋት ጉዳዩ የተበላሸበት ሰው ደግሞ በ1988 የይግባኝ ቦርዱ በሎዛዳ ጉዳይ ያስቀመጠውን ሥርዓት ይከተል፤ ውሉን በመሐላ ያስረዳል፣ ለቀድሞው ጠበቃ አሳውቆ መልስ እንዲሰጥ ዕድል ይሰጠዋል፣ ለዲሲፕሊን አካሉ አቤቱታ ያቀርባል ወይም ያላቀረበበትን ምክንያት ይናገራል።

ስለ ወርሃዊው ጉባኤ ከጠበቆች የምሰማው ስጋት የምስጢር ነው፤ ትክክለኛ ስጋት ነው። የሥነ ምግባር ደንቦቹ፣ አድማጩ ደንበኛው ማን እንደሆነ የሚያውቅበት ምክንያታዊ ዕድል እስከሌለ ድረስ ጉዳይን በምሳሌ መልክ መወያየትን ይፈቅዳሉ። እኛ ዘንድ ግን ሰው ይተዋወቃል። «ከጎንደር የመጣች፣ ሦስት ልጅ ያላት፣ በአንድ ነርሲንግ ሆም የምትሠራ» ብሎ የጀመረ ጠበቃ ግማሹ ጠረጴዛ ሴትየዋን ያወቃት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከተማዋ፣ ሥራዋ፣ የምትሄድበት ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ፣ የልጆቿ ቁጥር ተለውጦ የሕግ ጭብጡ ብቻ ይቅረብ። እንዲህ ተለውጦ ሊቀርብ የማይችል ጉዳይ ከሆነ፣ ባለጉዳይዋ ተጠይቃ ሳትፈቅድ ወደዚያ ጠረጴዛ መምጣት የለበትም።